ከሚሴ በኮምፒዩተር ማኅደር፤ አንዶችን የሚቈጥር ፕሮግራም እንዴት ይመረመራል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚደርስባት ከሚሴ፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ስትሆን፥ በጽሕፈት ረገድ ከብዙ ከተሞቻችን የተለየ ሀብት አላት። በዚች ከተማ የሚያድግ ልጅ በትምህርት ቤት ኦሮምኛን በቁቤ፥ ማለት በላቲን ፊደል፥ ይማራል፤ አማርኛን በግእዝ ፊደል ይጽፋል፤ በቁርኣን ቤት የተቀመጠው ደረሳ ደግሞ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። ሦስቱም ጽሕፈቶች ዛሬ በአንድ የእጅ ስልክ ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ማኅደር ውስጥ ጎን ለጎን ያድራሉ፤ ሲያድሩም ለዐይን የሚታየው መልካቸው ቀርቶ ሁሉም በ0ና በ1 ብቻ ይጻፋሉ። በማኅደር ውስጥ ስንት 1 እንዳለ የሚቈጥረውን ትንሽ ፕሮግራም መመርመርም፥ ከሩቅ ሲያዩት የጥቂት ባለ ሙያዎች ጕዳይ ቢመስልም፥ ቀርበው ሲያዩት የከሚሴን ተማሪ በቀጥታ የሚነካ ነገር ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

0 ወይም 1 ብቻ የምትይዘው የማኅደር ንኡስ ስፍራ ቢት ትባላለች፤ ስምንት ቢቶች በአንድነት ሲቈጠሩ ባይት ይሆናሉ። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በቍጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግእዝን ፊደል 345 ምልክቶች አድርጎ ተቀበለ፤ ከእነርሱም መካከል ኦሮምኛን በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው የምታገለግለው ዸ ትገኛለች። እነዚህ ቍጥሮች ደግሞ በማኅደር ውስጥ የሚቀመጡት፥ አብዛኛውን ጊዜ፥ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ ተራው የላቲን ፊደል አንድ ባይት፥ የዐረብኛው ሁለት ባይት፥ የግእዙ ግን ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የከተማይቱ ስም በአማርኛ ሲጻፍ በማኅደር ውስጥ የሚኖረው እንዲህ ነው።

ከ፦ 11100001 10001010 10101000
ሚ፦ 11100001 10001000 10011010
ሴ፦ 11100001 10001000 10110100

አንባቢ በጣቱ እየጠቈመ ቢቈጥር በእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ ዐሥር ዐሥር አንዶች ያገኛል። እንግዲህ ከሚሴ የሚለው ቃል በዘጠኝ ባይት፥ ማለት በ72 ቢት፥ የተጻፈ ሆኖ 30 አንዶችና 42 ዜሮዎች አሉት። ከዚህ በታች በምናደርገው ምርመራ ሁሉ እነዚህ ቍጥሮች ምስክር ይሆኑናል።

አንዶችን መቍጠር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ስሕተት መለያና ማረሚያ ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ ሁለት የ0ና የ1 ሰልፎች በስንት ስፍራ እንደሚለያዩ ማወቅ በመንገድ የተበላሸን መልእክት ለመለየትና ለማቃናት መሠረት ነው፤ የሚለያዩባቸውን ስፍራዎች በ1 አስመልክቶ መቍጠር ደግሞ ይህንኑ ልዩነት መለካት ነው። በዲስክ ላይ ስንት ስፍራ እንደ ተያዘና ስንት ባዶ እንደ ቀረ የሚመዘግበው ሰሌዳም፥ ሁለት ሥዕሎች ይመሳሰሉ እንደ ሆነ የሚያመዛዝነው ፕሮግራምም፥ በውስጡ የሚሠራው ይህንኑ ቈጠራ ነው። በሰኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ሊደጋገም የሚችል ሥራ በመሆኑም ፈጣን ሊሆን ይገባዋል፤ የብዙ ሌሎች ሥራዎች መሠረት በመሆኑ ግን ከመፍጠኑ አስቀድሞ እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል።

ቍጥርን በ1ና በ0 መበተን ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በውጭ አገር የሒሳብና የኮምፒዩተር ትምህርት የኢትዮጵያ ብዜት እየተባለ የሚጠራ፥ በጥንታዊት ግብፅና በሩስያ ገበሬዎችም ዘንድ አቻው የታወቀ የማባዛት ዘዴ አለ፤ ይህም በአንድ ወገን ማጋመስን፥ በሌላ ወገን ማጠፍን ብቻ የሚጠይቅ ነው። በዚሁ ዞን ሰኞ ሰኞ በሚቆመው በስመ ጥሩው የባቲ ገበያ አንድ ነጋዴ 13 ፍየሎችን እያንዳንዱን በ6000 ብር ሊገዛ ቢስማማ፥ በግራ በኩል 13ን እያጋመሰ፥ ትርፉን እየጣለ፥ 13፥ 6፥ 3፥ 1 ብሎ ይጽፋል፤ በቀኝ በኩል ዋጋውን እያጠፈ 6000፥ 12000፥ 24000፥ 48000 ብሎ ይጽፋል። ከዚያም በግራ በኩል ሙሉ፥ ማለት ለሁለት የሚከፈል ቍጥር፥ ያለበትን ረድፍ ሰርዞ የቀሩትን ሦስት ረድፎች 6000ን፥ 24000ንና 48000ን ቢደምር 78000 ብር ያገኛል፤ ይህም ትክክለኛው ዋጋ ነው። ኮምፒዩተር 13ን የሚጽፈው 1101 ብሎ ነው፤ በውስጡም ሦስት አንዶች አሉ፤ ሳይሰረዙ የቀሩት ረድፎችም ሦስት ናቸው። እነሆ የተረፉትን ረድፎች መቍጠርና በቍጥሩ ውስጥ ያሉትን አንዶች መቍጠር አንድና ያው ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሲ ቋንቋ እንለፍ። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በዴኒስ ሪቺ የተነደፈ ሲሆን፥ ከብዙዎቹ ቋንቋዎች የሚለየው ፕሮግራሙን የሚጽፈውን ሰው ከማኅደሩ ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ በመሆኑ ነው፤ ሥልጣኑን ሁሉ ለጸሐፊው ይሰጠዋል፥ የስሕተቱንም ዕዳ ሁሉ ያሸክመዋል። አንዶችን በሲ ለመቍጠር የታወቁት መንገዶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ የመጨረሻይቱን ቢት አይቶ፥ 1 ከሆነች ቈጥሮ፥ ቍጥሩን ወደ ቀኝ አንድ ስፍራ ገፍቶ፥ ቍጥሩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ መደጋገም ነው። በገበያው ምሳሌ ያየነው ማጋመስም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ፒተር ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመውና በኋላ ከርኒገንና ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ በጻፉት መጽሐፍ ምክንያት በተማሪ ሁሉ ዘንድ የታወቀው ጥበብ ነው። ከማንኛውም ቍጥር አንድ ቀንሰው ውጤቱን ከቍጥሩ ጋር ቢት በቢት ቢያገናዝቡና በሁለቱም ዘንድ 1 የሆነውን ብቻ ቢያስቀሩ፥ ከቀኝ በኩል የመጀመሪያዋ 1 ትጠፋለች። የሴን የመጨረሻ ባይት 10110100ን ብንወስድ፥ በመጀመሪያው ዙር 10110000፥ በሁለተኛው 10100000፥ በሦስተኛው 10000000፥ በአራተኛው ዜሮ ይሆናል፤ ዙሮቹ አራት፥ አንዶቹም አራት ናቸው። የዚህ ዘዴ ውበቱ በዜሮዎች ላይ ጊዜ አለማጥፋቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አንድ ባይት ሊይዛቸው የሚችላቸውን 256 ልዩ ልዩ ቍጥሮች አስቀድሞ ቈጥሮ በሰንጠረዥ ማስቀመጥና በኋላ ከሰንጠረዡ መልሱን ማንበብ ነው። አራተኛው ደግሞ ቢቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚደምረው ሲሆን፥ የዕድር ገንዘብ በሚሰበሰብበት ጊዜ አባል ሁሉ በየተራው ወደ ዳኛው ከሚሰለፍ፥ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር፥ ሁለቱ ከሌሎች ሁለት ጋር፥ አራቱም ከሌሎች አራት ጋር በየሰፈራቸው በአንድ ሰዓት ቢደማመሩ ሥራው ፈጥኖ እንደሚያልቅ ያለ ነው። 10110100 በጥንድ በጥንድ ሲከፈል 10፥ 11፥ 01፥ 00 ይሆናል፤ የየጥንዱ አንዶች 1፥ 2፥ 1፥ 0 ናቸው፤ ሁለቱ ሁለቱ ሲደመሩ 3ና 1፥ በመጨረሻም 4 ይሆናሉ። በዚህ ሥርዐት 32 ቢቶችን በአምስት ደረጃ ብቻ መደመር ይቻላል።

አራቱም መንገዶች በሒሳብ ትክክል ናቸው። መርማሪ ሊያስተውለው የሚገባው ዋና ምሥጢር ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ፕሮግራሙ ስሕተት ሊሆን ይችላል። በሲ ቋንቋ አንድን ባይት የሚይዘው ቻር የተባለው ዐይነት፥ ጸሐፊው ካልወሰነለት በቀር፥ ምልክት ያለው ይሁን ወይም የሌለው በቋንቋው ሕግ አልተቈረጠም። ምልክት የሌለው ከሆነ ከ0 እስከ 255 ይቈጥራል፤ ምልክት ያለው ከሆነ ግን በግራ ጫፍ ያለችው ቢት 1 በሆነች ጊዜ ቍጥሩን ከዜሮ በታች አድርጎ ይረዳዋል። በተለመዱት የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ያለው ነው፤ ኤአርኤም በተባለው ፕሮሰሰር በሚሠሩት የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ምልክት የሌለው ነው።

ተራው የላቲን ፊደል በማኅደር ውስጥ ሲጻፍ የግራ ጫፍ ቢቱ ሁልጊዜ 0 ነው፤ የግእዝ ፊደል ግን ከላይ በተጻፉት ሦስት መስመሮች እንደምናየው የእያንዳንዱ ባይት የግራ ጫፍ 1 ነው፤ የዐረብኛውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ምልክት ባለው ቻር የተጻፈ የቈጠራ ፕሮግራም በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ጽሑፍ ቢሰጡት አንዳች ሳይደናቀፍ ይቈጥራል፤ ከሚሴ ብለው በፊደላችን ቢሰጡት ግን ይወድቃል። አወዳደቁም እንደ መንገዱ ይለያያል። 10110100 በእርሱ ዘንድ 180 መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች 76 ይሆናል። በመጀመሪያው መንገድ፥ ከዜሮ በታች ያለ ቍጥር ወደ ቀኝ ሲገፋ ፕሮግራሙን ለኮምፒዩተሩ በሚተረጕሙት በተለመዱት ኮምፓይለሮች ከግራ 1 እየተተካለት ስለሚሄድ፥ ቍጥሩ ከቶ ዜሮ አይሆንም፤ ፕሮግራሙም ማብቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ይቀራል። በሁለተኛው መንገድ፥ አንዱ ባይት ወደ 32 ቢት ሲሰፋ በግራው 24 አንዶች ስለሚጨመሩበት፥ በአራት ፈንታ ብዙውን ጊዜ 28 የሚል መልስ ይሰጣል። በሦስተኛው መንገድ፥ ከሰንጠረዡ 180ኛውን ስፍራ በማንበብ ፈንታ ከሰንጠረዡ መጀመሪያ 76 ስፍራ ወደ ኋላ ሄዶ የሌላውን ማኅደር ያነባል፤ ይህም ከሦስቱ ሁሉ የከፋ ነው፥ ምክንያቱም የተገኘው መልስ እውነት መስሎ ሊታይ ይችላልና።

የዚህ ነገር ክፉ ጎኑ ደኅና መስሎ መሰንበቱ ነው። ፕሮግራሙን በላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ቢጽፈው፥ በላቲን ፊደልም ብቻ ቢፈትነው፥ ለዘመናት ያለ ነቀፋ ሊያገለግል ይችላል። በቁቤ ጽሑፍ ውስጥም ቢሆን የሁዻ፥ ማለት የድምፅ መቍረጫ፥ ምልክት የሆነችውን ጭረት አንዳንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች በራሳቸው ፈቃድ ወደ ጠማማ ጭረት ሲለውጧት፥ አንድ ባይት የነበረችው ሦስት ባይት ትሆናለች፥ የእያንዳንዱም ባይት የግራ ጫፍ 1 ይሆናል፤ ያን ጊዜ የኦሮምኛውም ጽሑፍ ከአማርኛው ጋር በአንድ መሰናክል ላይ ይደርሳል። መድኀኒቱ እጅግ ቀላል ነው፤ ባይትን የሚያነብ ፕሮግራም ሁሉ ምልክት የሌለውን ዐይነት፥ በሲ አጠራር አንሳይንድ ቻርን፥ በግልጽ ይጠቀም። መርማሪም በኮዱ ውስጥ ቻር የሚለውን ቃል ብቻውን ባየ ጊዜ ቆም ብሎ ይጠይቅ።

ከቻር ምልክት ቀጥሎ ሁለተኛው የምርመራ ስፍራ የባይቶቹ ሰልፍ ጅራት ነው። ለፍጥነት ሲባል ማኅደሩን ስምንት ስምንት ባይት እያነሡ መቍጠር የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን የሰው ጽሑፍ ሁልጊዜ ለስምንት አይከፈልም። ከሚሴ ዘጠኝ ባይት ነውና፥ ስምንቱ በአንድ ጊዜ ከተነሡ በኋላ የሴ የመጨረሻ ባይት ብቻዋን ትቀራለች። ጸሐፊው እርስዋን ቢረሳ ፕሮግራሙ 26 ብሎ ይመልሳል፤ እንዳትረሳ ብሎ ስምንት ባይት በሙሉ ቢያነብ ደግሞ ከቃሉ ወሰን አልፎ የእርሱ ያልሆኑትን ሰባት ባይቶች ይቈጥራል። ትክክለኛው ሥራ የቀረውን ባይት ለብቻው መቍጠር ነው። ስምንቱን ባይት ሲያነሣም የባይቱን አድራሻ በጉልበት የትልቅ ቍጥር አድራሻ ነው ብሎ መውሰድ በሲ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፥ ባይቶቹን ሜምሲፒዋይ በተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ወደ ሁነኛ ተለዋዋጭ መገልበጥ ይገባዋል፤ ዘመናዊ ኮምፓይለሮች ይህን ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድካም ይፈጽሙታል። ባይቶቹ ከግራ ይሁን ከቀኝ ተቀመጡ ብሎ ግን መጨነቅ አያስፈልግም፤ ድምር በቅደም ተከተል አይለወጥምና።

ሦስተኛው ድምሩ የሚቀመጥበት ዕቃ ስፋት ነው። ኢንት የተባለው የተለመደው ባለ 32 ቢት ቍጥር ከ2,147,483,647 በላይ ሊይዝ አይችልም። 268,435,456 ባይት፥ ወይም በተለመደው አነጋገር 256 ሜጋባይት፥ የሆነ ማኅደር ሁሉም ቢቶቹ 1 ቢሆኑ አንዶቹ 2,147,483,648 ይሆናሉ፤ ይህም ከወሰኑ በአንድ ብቻ የሚበልጥ ነው። ዛሬ በተራ ስልክ ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ማኅደር ስለሚገኝ፥ ድምሩ በ64 ቢት ዐይነት እንዲያዝ መርማሪው ሊያሳስብ ይገባዋል።

እንግዲህ ስሕተትን በዐይን ከመፈለግ በላይ የሆነ የማረጋገጫ ሥርዐት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጡ፥ የዓመቱን አበቅቴና የዓመቱን መጥቅዕ ለየብቻ ያወጡና ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ሒሳቡ መበላሸቱን ያውቃሉ። ለአንዶች ቈጠራም ይህን የመሰለ ሚዛን አለ። አንድን ማኅደር ቈጥሮ፥ ከዚያም 0ውን ሁሉ በ1፥ 1ዱንም ሁሉ በ0 ገልብጦ እንደገና ቢቈጥሩ፥ የሁለቱ ውጤት ድምር ከጠቅላላው የቢት ቍጥር ጋር እኩል ሊሆን ይገባዋል፤ በከሚሴ ቃል 30ና 42 ተደምረው 72 እንደሚሆኑ። ከዚህ በላይ ፈጣኑን መንገድ ዘገምተኛ ከሆነው ከመጀመሪያው መንገድ ጋር በ256ቱም ባይቶች ላይ ማስተያየት፥ ባዶ ማኅደርን፥ ሁሉም 0 የሆነውን፥ ሁሉም 1 የሆነውን፥ ርዝመቱ ከ1 እስከ 17 ባይት የሆነውን ሁሉ መፈተን የማንም መርማሪ ግዴታ ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ ፕሮሰሰሩ ራሱ በአንድ ትእዛዝ ሊፈጽመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር አንዶችን የሚቈጥር ትእዛዝ ነበረው፤ ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣቸው ፕሮሰሰሮች ይህንኑ ትእዛዝ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የሲ ቋንቋ ደንብ ደግሞ ቈጠራውን የቋንቋው መደበኛ ክፍል አድርጎታል። ስለዚህ በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በተዘጋጀው መጠቀም ብልኅነት ነው። ሆኖም የተዘጋጀው ትእዛዝ የሚቈጥረው የተሰጠውን ቍጥር ነው፤ ምልክቱ የተምታታ ባይት፥ የተረሳ ጅራት፥ የሞላ ድምር ቢያቀርቡለት ከስሕተቱ አያድንም። መርማሪ ከዚህ በኋላም አስፈላጊ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በከሚሴም ሆነ በባቲ፥ በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ ኮምፒዩተርን የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ የሲን ቋንቋ ስታስተምሩ ይህን ትንሽ ቈጠራ ንቃችሁ አትለፉት፤ ጽፈው እንዲያመጡ አዝዛችሁ፥ ከዚያም አንዱ የሌላውን ሥራ መስመር በመስመር እንዲመረምር አድርጉ፤ የራስን ሥራ ለሌላ ዐይን ማቅረብ ውርደት አለመሆኑን፥ የሌላውንም ስሕተት በጨዋ ቋንቋ መግለጽ ራሱ ሙያ መሆኑን በዚሁ ይማራሉ። በመፈተኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ የቁቤ፥ የዐረብኛና የግእዝ ፊደል ጽሑፍ ሦስቱም ይግቡ። በሌላ አገር ያለ ፕሮግራም ጻፊ ፊደላችንን አስታውሶ እንዲፈትንልን መጠበቅ አይገባንም፤ ፊደሉ ያለው በእኛ እጅ ነውና ፈተናውም የእኛ ነው። ለአንድ የቈጠራ ፕሮግራም ተመርምሯል የሚል ቃል ሊሰጠው የሚገባውም ሦስቱንም ጽሕፈቶች ተቀብሎ ትክክለኛውን ቍጥር ከመለሰ በኋላ ብቻ ነው።